«ይድረስ ለአያቴ፣ መንደር»

ሰሞኑን አራት ሆነን ስንጨዋወት አንዲት አጭር ልብ ወለድ አነታረከችን። አንደኛው ዕድሜያቸውን ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ የኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ የትርጉም ሥራ የምትሠራ እኩያዬና ወዳጄ ስትሆን፣ ሦስተኛው ልብ ወለድ ከእጁ የማይለይ የምሕንድስና ተማሪ ነው።

ነገሩን የጀመረው ወጣቱ ነው። ታናሽ እህቱን በቤት ሥራዋ ሲያግዝ፣ ሩሲያዊው ደራሲ አንቷን ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1886 ያሳተመውን «ቫንካ» አብረው አነበቡ። ልጅቱ አልቅሳ ጨረሰችው። ከዚያም ደብተሯን ገልጣ «ጭብጥ፦ ድህነት። ዋና ገፀ ባሕርይ፦ ቫንካ፣ ምስኪን ልጅ። ንዑስ ገፀ ባሕርይ፦ አያቱ፣ ደግ ሰው» ብላ ጻፈችና ዘጋችው።

«ያ ሁሉ እንባ ደብተሩ ላይ የለም» አለ ወጣቱ። «ትንተና ታሪክ ይገድላል የምለው ለዚህ ነው። ያነበበ አንብቦ ዝም ይበል።»

«እንባ ለእርማት አይቀርብም፣ ልጄ» አሉ መምህሩ። «ጀማሪ መያዣ ያስፈልገዋል። ድህነት ማለቷ ምን ስሕተት አለው? ልጁ ድሃ አይደለም?»

«ስሕተት አለው እንጂ፣ መምህር» አለች ወዳጄ። «ድህነት ታሪኩ የሚነሣበት ጉዳይ ነው፤ ታሪኩ ስለ ጉዳዩ የሚለው ግን ገና አልተነካም።»

ላላነበበው ሰው ታሪኩ ይህ ነው። ቫንካ 9 ዓመቱ ነው፤ እናቱ ሞታበት ሞስኮ ከሚኖር ጫማ ሠሪ ዘንድ ሙያ እንዲማር ተሰጥቷል። በገና ዋዜማ ሌሊት፣ ጌቶቹ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ ተንበርክኮ ለአያቱ ደብዳቤ ይጽፋል። ሕፃን ሲያባብል እንቅልፍ ስለጣለው በጠፍር ተገርፏል፤ ዓሣ ከጅራቱ በኩል ማጽዳት ስለጀመረ እመቤቲቱ የዓሣውን አፍ ፊቱ ላይ ወግታበታለች። መጥተህ ውሰደኝ ይላል። ደብዳቤውን በፖስታ ያሽግና «ይድረስ ለአያቴ፣ መንደር» ብሎ ይጽፍበታል። ራሱን አከክ አከክ ያደርጋል፣ ያስባል፣ የአያቱንም ስም ይጨምርበታል። ከዚያ ካፖርት እንኳ ሳይደርብ በሸሚዙ ሮጦ የፖስታ ሣጥን ውስጥ ይከተዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ በተስፋ ተሞልቶ ተኝቷል።

ወዳጄ የተናገረችው ነገር ክርክሩን አዞረው። «ልጁ እኮ ጠይቋል» አለች። «በዋዜማው ሥጋ ቤት የሚሠሩትን ሰዎች ደብዳቤ እንዴት እንደሚላክ ጠይቋቸው፣ ሣጥን ውስጥ እንደሚገባና በፖስታ ሠረገላ ምድርን ሁሉ እንደሚያዳርስ ነግረውታል። ሠረገላ ነጂዎቹ ሰካራሞች መሆናቸውንና ቃጭሉን ሳይቀር ነግረውታል። መጻፍም ተምሯል፤ አንዲት ወይዘሪት ሥራ ስትፈታ ፊደል፣ እስከ መቶ መቁጠርና ዳንስ አስተምራዋለች። አድራሻ የሚባል ነገር እንዳለ የነገረው ግን የለም። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ደግ ሆነውለታል፤ ወደ ቤቱ የምታደርሰውን አንዲት ነገር የሰጠው ግን አልተገኘም። ይህን ድህነት ብቻ ብላችሁ ልትጠሩት ነው?»

መምህሩ ዝም አሉ። ወጣቱ ግን አልተረታም። «እሺ፣ አያቱስ? ደግ ሰው ናቸው መባሉ ምን ጎደለው?»

እዚህ ላይ እኔም ገባሁበት። በታሪኩ ውስጥ ሁለት አያት አሉ። አንደኛው የደብዳቤው አያት ነው፤ ከመከራ የሚያወጣው፣ ከዓለም የቀረ ብቸኛ ዘመድ። ሁለተኛው የልጁ ትዝታ የሚያሳየን የ65 ዓመት የሌሊት ዘበኛ ነው፤ ዓይኑ ከስካር የማይጠራ፣ ከወጥ ቤት ሠራተኞች ጋር የሚሳሳቅ፣ ሴቶቹን ሱረት አሽትቶ ሲያስነጥሱ የሚስቅ፣ ውሾችን ሳይቀር የሚያሸት ጨዋታ ወዳድ። ልጁ እናቱ ስትሞት የተላከው እርሱ ወዳለበት ወጥ ቤት ነበር፤ ወደ ሞስኮም የሄደው ከዚያው ወጥ ቤት ነው። ደብዳቤው ቢደርስስ አያትየው ይመጣ ነበር? ቼኾቭ ይህን ጥያቄ በአፉ አያነሣም። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይሄዳል። የገፀ ባሕርይ ትንተና የምለው ይህን ክፍተት መለካት ነው፤ ደግ ነው፣ ክፉ ነው ብሎ ምልክት መለጠፍ አይደለም።

መምህሩ የራሳችንን «ፍቅር እስከ መቃብር» አነሡ። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በዚያ መጽሐፍ ጉዱ ካሳ የሚባለው ገፀ ባሕርይ የሥርዓቱን ብልሹነት በግልጽ ይናገራል፤ ጭብጡ በአፉ ተነግሮ የለም ወይ ነው ነገሩ። ወዳጄ ትክክለኛ ስሙ ካሳ ዳምጤ መሆኑን አስታወሰቻቸው። «ጉዱ» ያለው ሕዝቡ ነው። እውነት የሚናገረውን ሰው እንደ ጉድ የሚቆጥር ዓለም መሆኑን ቅጽል ስሙ ብቻውን ይናገራል፤ ንግግሩን ብቻ ጠቅሶ ስሙን የዘለለ አንባቢ ግማሹን ጥሏል። ወጣቱ ቢያንስ ግጥም ከትንተና ይተርፍ ሲል መምህሩ ራሳቸው በሰምና ወርቅ መለሱለት፦ «ኅብረ ቃሉን፣ ሁለት ትርጉም የያዘውን ቃል፣ ሳያገኝ ወርቁን ያገኘ ማን አለ? ሰሙን ሳይነኩ ወርቅ አይወጣም።»

ፍርዴ ወደ ወዳጄ ያደላል። ጭብጥ በአንድ ስም አያልቅም፤ ሥራው የሚለውን የሚናገር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት። እኔ የምፈትነው ፍጻሜውን በሐሳቤ ቀይሬ ነው። ቫንካ ትክክለኛ አድራሻ ጽፎ ቢሆንና አያቱ ቢመጣ፣ በልጅቱ ደብተር ላይ ያለው «ድህነት» ምንም ሳይነካ ይቀመጣል። ፍጻሜው ሲገለበጥ ያልተነቃነቀ ጭብጥ የዚያ ታሪክ ጭብጥ ሊሆን አይችልም። የወጣቱንም ሐሳብ አልቀበልም፤ እኔ ፖስታው ላይ ያለችውን መስመር ቃል በቃል ካየሁ ወዲህ ታሪኩ ይበልጥ እንጂ ያነሰ አላሳዘነኝም። መምህሩ ግን በአንድ ነገር ልክ ናቸው፦ ተሳስቶም ቢሆን ደፍሮ መጻፍ ያስፈልጋል።

ስለዚህ እኔም ደፍሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍሁ፦ «የሚሰማው የሌለው ልጅ፣ ተስፋውን የሚያኖረው ሊደርስበት በማይችልበት ስፍራ ነው።» ለወዳጄ አነበብሁላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና «ውሻውስ?» አለች።

እውነቷን ነው። ታሪኩ የሚያልቀው በቫንካ ሕልም ነው፤ አያቱ ሰው በሚቀመጥበት ትልቅ የሩሲያ ምድጃ ላይ ተቀምጦ ደብዳቤውን ያነብባል፣ ቪዩን የተባለው ውሻ ጅራቱን እየቆላ ይዞራል። ቪዩን በየሳምንቱ የሚገረፍ፣ ሁለት ጊዜ ተሰቅሎ ሳይሞት የቀረ ውሻ ነው። የመጨረሻው መስመር የእርሱ ነው፤ የእኔ ዓረፍተ ነገር ግን እርሱን የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ሰርዤዋለሁ፤ ታሪኩን እንደ ገና ከመጀመሪያው እያነበብሁት ነው።