ምስጋና ለደረጃው አሰልጣኞች

ሐዋሳ ኳስ የሚያውቅ ከተማ ነው። ያኔ ሐዋሳ ከነማ የምንለው ቡድን በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወደ ሐይቁ ዳር ሲያመጣ ሥራውን የሠሩት ተጫዋቾቹና አሰልጣኙ እንደሆኑ ሲነገረን ኖረናል። እኔ ግን ልጄን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ትምህርት ቤቶች ውድድር ማመላለስ ከጀመርኩ ወዲህ ታሪኩ ጎዶሎ መሆኑ ገብቶኛል። ጨዋታ የሚያሸንፈው ሲሚንቶው ደረጃ ላይ የተቀመጠ ወላጅ ነው። ሜዳ ውስጥ የሚሯሯጡት ልጆች ትእዛዝ ፈጻሚዎች ናቸው፤ ያውም ሰነፎች።

እስቲ ይህን ወላጅ እናመስግነው። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ «ሥራ ይዞኝ ነው» የሚለው አባት፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጃንጥላውን ይዞ መሀል ደረጃ ላይ ጉብ ብሏል። የልጁ የሒሳብ መምህር ወንድ ይሁኑ ሴት አያውቅም። የተቃራኒው ቡድን ግራ ተመላላሽ ግን በቀኝ እግሩ እንደማይመታ ጠንቅቆ ያውቃል። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ አለው፣ ሚስማር ተራ አለው፣ «ከማን አንሼ» የሚባልም አለው። የኛ ደረጃ ስም አልወጣለትም እንጂ ከማንም አያንስም።

የማሠልጠን ችሎታችንን ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ አባት «ልቀቅ!» ይላል። እናት «እንዳትሰጥ፣ ራስህ ሂድ!» ትላለች። ጉልበቱ ባይከዳው ኖሮ የት ይደርስ የነበረው አጎት ደግሞ «ሜዳውን ክፈተው!» ይላል። ልጁ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ጨዋ ስለሆነ ማንንም ማስቀየም አይፈልግም፤ ኳሱን ረግጦ ይቆምና ወደ ደረጃው ቀና ይላል፣ የመጨረሻው ውሳኔ የቱ እንደሆነ ለመስማት። ይኼኔ የወዲያኛው ቡድን ልጅ መጥቶ ኳሷን ይዟት ይሄዳል። ሦስቱም በአንድ ድምፅ «እንቅልፋም!» ይላሉ። የቤተሰብ አንድነት እንዲህ ሲጸና ሌላ የት ይታያል?

እውነተኛው አሰልጣኝ በበኩሉ መስመሩ ዳር እጁን አጣምሮ ቆሟል። መጀመሪያ ላይ ይናገር ነበር። አሁን ተቀያሪዎቹ ውሃ መጠጣታቸውን ነው የሚያየው። ውሃ ላይ እስካሁን አስተያየት የሰጠ ወላጅ የለም።

ወደ ዳኛው ስንመጣ ምስጋናዬ እጥፍ ይሆናል። ዳኛው ከሰኞ እስከ ዓርብ የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ናቸው። ካርድ በሚሰጥበት ቀን ኮሪደር ላይ ስናገኛቸው ከወገባችን ጎንበስ ብለን «መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የኛ ልጅ እንዴት ነው?» እንላለን። ቅዳሜ ፊሽካዋን አንገታቸው ላይ ሲያንጠለጥሉ እኚያው ሰው «አንተ ሌባ!» ይሆናሉ። ይህን ሁሉ የምናደርገው እሳቸውን ለማነጽ ነው። ሰው በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ሌባ ካልተባለ በምን ይማራል?

ሕግ ማወቃችን ደግሞ ለብቻው ይወራ። ሰሞኑን አንድ አባት፣ ከእጅ ውርወራ ኳስ በቀጥታ የተቀበለች አጥቂ ጎል ስታገባ «ኦፍሳይድ! ኦፍሳይድ ነው!» ብለው ከሦስተኛው ደረጃ እስከ መጀመሪያው ወረዱ። (አዎ፣ የሴቶች ጨዋታ ላይም እንገኛለን፤ በዚህ በኩል አድልዎ የለብንም፣ ሁሉንም እኩል ነው የምንሰድበው።) የጨዋታው ሕግ ቁጥር 11 ከእጅ ውርወራ፣ ከመልስ ምትና ከማዕዘን ምት በቀጥታ ኳስ የሚቀበል ተጫዋች ኦፍሳይድ አይባልም ይላል። ሕጉን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ የተቋቋመው በ1886 እ.ኤ.አ. ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ሲሰበሰብ እኚህን አባት አንድ ቀን እንኳ ጠርቶ አላማከረም። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? መምህሩ ጎሉን ማጽደቃቸው የባሰ አሳዘነን። እንዴት ያለ ሰው ነው መጽሐፍ ይዞ ከሽማግሌ ጋር የሚከራከር?

እዚህ ላይ አንድ የምሥራች አለ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሰልጣኝም እንደ ተጫዋች ቢጫና ቀይ ካርድ ያያል። ወላጅን ግን ሕጉ አልነካውም። ሜዳው አካባቢ ካለ ፍጡር ሁሉ ካርድ የማይመዘዝብን እኛና መስመሩ ዳር የምትግጠዋ ፍየል ብቻ ነን።

ዕድሜ መመርመር ሌላው ሙያችን ነው። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤም አር አይ ማስመርመር የጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. ናይጄሪያ ላይ ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ ለማሽን ምን አስወጣው? ከኛ ደረጃ አንድ አባት ቢወስድ ኖሮ ከወዲያኛው የሜዳ ጫፍ አይቶ «ያ ሰባት ቁጥር እኮ ልጅ ወልዷል!» ብሎ ይነግረው ነበር። ይህ ዓይን አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ የራስን ቡድን አያይም። በኛ በኩል ድምፁ የጎረነነ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ የሚመጣ አንድ ተከላካይ አለን። ጎበዝ ልጅ ነው። ቶሎ አደገ።

እናቶችን ከረሳሁ ነውር ነው። አንዲት እናት አሉ፤ ልጃቸውን የሚጠሩት በስሙ ሳይሆን «ማሙሽዬ» እያሉ ነው። ልጁ የቡድኑ አምበል ነው። ዛሬ አላሙራ ተራራ ሥር እስካለው ሰፈር ድረስ አሥር ቁጥሩ ማሙሽዬ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ተቃራኒዎቹም ሲያልፉት «ይቅርታ ማሙሽዬ» ይሉታል። እኚሁ እናት እሑድ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲያዩዋቸው ትንኝ የሚገድሉ አይመስሉም። ቅዳሜ ዕለት ግን «ስበረው! እግሩን ነው!» ሲሉ ድምፃቸው ከፊሽካው ይበልጣል። ያ እግሩ እንዲሰበር የሚፈለገው ልጅ የጎረቤታቸው ልጅ ነው፤ ማታ ማታ እሳቸው ቤት ነው የሚያጠናው፣ እራቱንም ሳያበሉ አይሰዱትም።

ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ያለው ወላጅ ደግሞ የሒሳብ ሊቅ ይሆናል። «ወር በገባ የምከፍለው ልጄ ወንበር እንዲያሞቅ ነው?» ብሎ ክፍያውን ለደቂቃ ያካፍላል። ልጁ ገብቶ ባይሆንለት ምን ይደረጋል? ምንም። እሱን ያሠለጠነው ሌላ ሰው ነው።

ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ፣ የዚያ ዘመን ልጅ ኳስ የሚጫወተው ከአባቱ ተደብቆ ነበር። የጨርቅ ኳስ ሲያባርር ከተያዘ አለንጋ ይጠብቀዋል። ዛሬ አለንጋው ቀርቶ ምላስ ተተክቷል፤ ልጁም መደበቅ አያስፈልገውም፣ ቢፈልግም መደበቂያ የለውም። ይህ እድገት ካልተባለ ምን ይባላል? ዋንጫው ከዚያ ወዲህ አለመመለሱ የተለየ ጉዳይ ነው።

ደግሞ ሥራችን በፊሽካ አያበቃም። ከሜዳው እስከ አቶቴ ባጃጅ ውስጥ ግምገማ አለ፤ ሹፌሩም ይሳተፋል። ባለፈው አንድ ወዳጄ ልጁን ይዞ አሞራ ገደል ለዓሣ ወረደ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ጥብሱ ሲያልቅ አባት አጥንቱን ሰሃኑ ላይ ደርድሮ አራት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ ሠራና ልጁ የት መቆም እንደነበረበት በሹካ ማሳየት ጀመረ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ የሐይቁ ትልልቅ ወፎች፣ ዙሪያውን ቆመው አጥንቱን በትዕግሥት ይጠብቃሉ። ልጁ ሚሪንዳውን እየጠጣ ብዙ ካዳመጠ በኋላ፣

«አባዬ፣ ጎሌን ግን አየኸው?» አለው።

ለካ የዕለቱን ብቸኛ ጎል ያገባው እሱ ነው። አባቱ በዚያች ደቂቃ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ፣ ከኋላው ከተቀመጠ የሌላ ትምህርት ቤት አባት ጋር «ልጅህን ሥርዓት አስተምረው» ሲባባል ነበር። እኔ አፈርኩለት። እሱ ግን አላፈረም፤ አንዷን አጥንት በሹካው ትንሽ ወደ ግራ ገፋ አድርጎ፣

«ጎሏ ጥሩ ናት፤ አቋቋምህ ላይ ግን ብዙ ይቀርሃል» አለው።

በዚህ ሳምንት መምህሩ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አጭር መልእክት ጽፈዋል። ቅዳሜ መምጣት እንደማይችሉ፣ ፈቃደኛ የሆነ ወላጅ ጨዋታውን ቢዳኝ ደስ እንደሚላቸው፣ ፊሽካውና ካርዶቹም ዘበኛው ጋ እንደተቀመጡ። ሌላ ጊዜ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት እስከ እኩለ ሌሊት የሚያነታርከን ሰዎች መልእክቱን ሁላችንም አይተነዋል። የኦፍሳይዱ አባት ወገባቸውን ሰሞኑን እያመማቸው እንደሆነ ጻፉ። አጎትየው ጉልበቱን አስታወሰ። የማሙሽዬ እናት ማልያው ታጥቦ እንደሆነ ጠየቁ።