«በጥቅምት አንድ አጥንት» እና የጅቡቲ ደመና

በኅዳር ምሽት ደብረ ብርሃን አረቄ ቤት ገብቶ ስለ ብርድ ሳይከራከር የሚወጣ የለም። የሰሞኑ ጠብ ግን በጋው ደረቅ ይሆናል በሚለው የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ ላይ ነበር። አንደኛው በሚሌና በኮምቦልቻ አድርጎ ከጅቡቲ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ሌላው ከከተማው ወጣ ብለው በመስኖ ድንች የሚያለሙ፣ ቤቱ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ሰው ናቸው።

ሾፌሩ ጀመረ፦ «ደረቅ በጋ ነው አሉ አይደል? ጅቡቲን ዶፍ ሲወርድባት ትቻት ነው የመጣሁት። ያ ደመና በሦስት ቀን ጣርማበርን ይሻገራል። ብርዱንም አባቶች በጥቅምት አንድ አጥንት ብለው ጨርሰውታል፤ ጥቅምት ወጣ፣ ብርዱም ወጣ።»

«አንተ ልጅ፣ የባሕሩ ዳርቻ ዝናብ ሌላ፣ የእኛ ሌላ ነው» አሉ ጋሼ። «ምጽዋም ዋናውን ዝናቧን የምታገኘው እኛ አውድማ ላይ ስንሆን ነው። በዚህ ወቅት ከሰሜንና ከደቡብ የሚመጣው ነፋስ ቀይ ባሕር ላይ ይገናኛል፤ ደመናው ዳርቻውንና ወደ ባሕር የዞረውን ተዳፋት አርሶ እዚያው ያልቃል። ወደ እኛ የሚነፍሰው ከዓረብ ምድር በኩል የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ነው። አልፎ አልፎ ከሰሜን የሚወርድ የአየር መዋዠቅ እርጥበቱን ስቦ ሲያመጣው አዎ፣ እዚህም ይዘንባል።»

ሾፌሩ የሰማው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው። «ይኸው! ይዘንባል አሉ!»

ጋሼ ትንበያው ሦስት ቁጥር እንደሚሰጥ አስረዱት። ለምሳሌ ዝናቡ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45፣ መደበኛ 30፣ ከመደበኛ በላይ 25 በመቶ ቢል፣ እርጥብ የመሆኑ ዕድል ከአራት አንድ ነው፤ ቢዘንብ ዋሽቷል አይባልም። ደግሞም የሚናገረው ስለ አራቱ ወራት ድምር ነው እንጂ ስለ አንድ ማክሰኞ አይደለም። ኤል ኒኞ፣ ማለትም የሰላማዊ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው መሞቅ፣ ሲባልም በጋው ዝናባቸው ለሆነው ለቦረናና ለሶማሌ ነው ዝናብ አብዝቶ የሚሠራው፤ በ2016 ኅዳር ሶማሌ ክልልን ጎርፍ ያጥለቀለቀውም ኤል ኒኞ በነበረበት ወቅት ነው። ሾፌሩ በዚህ ሁሉ መሃል ብርጭቆውን አስሞላና «በጥቅምት አንድ አጥንት» አለ። መልሱ ይኼው ነበር።

የእኛ አገር ሰው ሊይዘው የሚገባው ጋሼ ቀጥለው የተናገሩት ነው። ለደጋው «ደረቅ» ማለት ውርጭ ማለት ነው። ሰማዩ ሲጠራና ነፋሱ ሲቆም መሬቱ ሙቀቱን ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ይለቃል፤ ደመና የለምና የሚመልሰው የለም። ብርዱ የሚብሰው ሊነጋ ሲል ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ላይ ናቸው፤ በከፍታው ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ይለያያሉ። ያው ደረቅ ወሬ ሸዋ ሮቢት ላለ ባለ ማሾ የምሥራች ነው፤ ሰብሉ ሳይበሰብስበት ይሰበስባል።

«ራዲዮኑ 3 ዲግሪ ብሎ ድንቹ በማግስቱ የጠቆረ ጊዜስ?» አለ ሾፌሩ፣ የያዛቸው መስሎት።

«መለኪያው የሚቀመጠው በሰው ደረት ከፍታ ነው። ቅጠሉ ያለው መሬት ላይ ነው፤ እዚያ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፤ ወንዙ ዳር ያለው ረባዳ ሲቃጠል ተዳፋቱ ይተርፋል።»

መከላከያውንም ዘረዘሩ። መሬቱን ከሰዓት በፊት ማጠጣት፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ፀሐይ ይዞ ሌሊት ይለቃል። ሲመሽ ተክሉን ከላይ በጭድ ማልበስ፣ ፀሐይ ሲሞቅ ማንሳት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጭዱን በመስመሩ መካከል መሬት ላይ አንጥፎ ሲተወው ነው፤ ያኔ የአፈሩ ሙቀት ታፍኖ ይቀርና ቅጠሉ ይብስበታል። ላስቲክ የሚያለብስም በቆልማማ እንጨት ከፍ ያድርገው፤ ቅጠሉን የነካው ቦታ ይቃጠላል። ሾፌሩ ጎማ ማጨስ ይሻላል አለ። ጢስ ዓይን ያቃጥላል እንጂ የመሬትን ሙቀት አይመልስም።

ባለቤቲቱ ከጓዳ ሆነው «አንተስ ራዲያተርህ ውስጥ ምን ጨምረሃል?» አሉት። የሚሌን ተራ ውሃ ይዞ ነበር የሚያድረው። ፀረ በረዶ ፈሳሽ ሢሶውን እንኳ ቢቀላቅል ለእኛ ውርጭ ይበቃዋል፤ ያለዚያ ውሃው ሲረጋ ራዲያተሩን ይሰነጥቃል። ሁሉም ሳቀ፤ እሱም «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብሎ አብሮ ሳቀ።

እኔ ገና ከጅምሩ ከጋሼ ጋር ነበርኩ፤ አልደብቅም። ተረቱ በራሱ ክፉ የለበትም፤ ጥቅምት ላይ ቅልጥም ማን ይጠላል። ግን ከኅዳር እስከ ጥር ስላለው ውርጭ ምንም አይነግረንም፤ እኛም ቁጥር በመጣ ቁጥር ተረት እያነሳን ማምለጥ ለምደናል። አገር በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚያልፍበት ሰው የአገሩን አየር ሊያስተምር ይቀመጣል፤ አፈሩን ሲቆፍር የኖረው ሁለት ጊዜ «ያዳምጡኝ» እያለ ይለምናል። ስልኩም ያው ነው። ሰባት ገጽ ትንበያ ሲወጣ አንዷ መስመር ተቆርጣ ትዞራለች፣ ከሥሯ ሦስት መቶ ሰው ይሳደባል። የቀበሌው ድምፅ ማጉያስ? ለመዋጮና ለስብሰባ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ይጮኻል፤ «ዛሬ ሌሊት ሰማዩ ጠርቷል፣ ችግኛችሁን አልብሱ» ለማለት ግን ግማሽ ደቂቃ አጥቷል።