ይድረስ ለሞተሬ የኋላ ፓራፋንጎ ስንጥቅ

ለክቡር ስንጥቅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የጋሼን ጋቢ ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣ በቅድሚያ እንኳን ለዚህ ደረጃ አበቃዎ። ከሁለት ዓመት በፊት ብሎኑ ሥር ስንተዋወቅ ከጥፍር ጫፍ አይበልጡም ነበር። ዛሬ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግተው፣ የፓራፋንጎውን ጭራ ከነታርጋው ገንጥለው ጥለዋል። በመሥሪያ ቤታችን በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያደገ ሠራተኛ አላየሁም።

ባለፈው እሑድ ለታናሽ ወንድሜ ልጅ እንዲጠይቁለት፣ ባሕር ዳር አጠገብ ወዳለችው ዘጌ ሽማግሌ ልከን ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች በጠዋት በሚኒባስ ሄደዋል። ሦስተኛውን፣ የእናቴን ወንድም ጋሼን፣ በሞተር ላደርስ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ መንገዱ ቦክቷል። ጋሼ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ከኋላዬ ተቀመጡ። ከባሕር ዳር እስክንወጣ ድረስ ክቡርነትዎ ጨዋ ነበሩ፤ በአስፋልቱ ላይ አንድ ድምፅ አላሰሙም። ኮረኮንቹ መሐል ስንደርስ ግን «ቀጭ» አሉ። ድንጋይ የመታን መስሎኝ ነዳሁ። ከኋላችን የሚመጣ ሚኒባስ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ፤ ረዳቱም በመስኮት ወጥቶ እጁን አወናጨፈ። መንገድ ልቀቅ ያለኝ መስሎኝ እኔም በልቤ ሰደብሁት።

ለካስ ጎማው የሚያነሣውን ጭቃ የሚመልስለት ነገር አልነበረም። ከጋሼ ወገብ ተነሥቶ እስከ ማጅራታቸው ድረስ በማስመሪያ የተሠመረ የሚመስል መስመር ወጥቷል። ከፊት ለፊት ሲታዩ ግን ለጥምቀት የለበሱ ይመስላሉ። ስንደርስ የተቀበሉንም ከፊት ነው፤ የገባነውም ፊታችንን ወደ ቤቱ አድርገን ነው። ከአጥሩ ውጭ ቆመው የነበሩ ልጆች ለምን እንደተንሾካሾኩ ያን ጊዜ ቢገባኝ ኖሮ!

ጋሼ እንደ ወጉ ከመቀመጫቸው ራቅ ብለው ቆሙ። ስለ ዘር፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ልጁ ጠባይ ተናገሩ፤ እንዲያ አምሮላቸው ሰምቼ አላውቅም። «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው እጅ ነሡ። ከዚያ ሊቀመጡ ዞሩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ቡና የምትቆላው ልጅ ማንከሽከሻዋን አቆመች። የልጅቷ አባት ጉሮሮአቸውን ጠረጉና፣ «እኛ ዘጌዎች ከጥንት ጀምሮ በሬ ጠምደን አናርስም» አሉ። «እናንተ ግን ሲያርሱ ያደሩ ሽማግሌ ይዛችሁ መጣችሁ።» ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሼም ነገሩ ስላልገባቸው፣ ጨዋታ መስሏቸው፣ አብረው ሳቁ። ከእሑድ ወዲህ እንቅልፍ የነሣኝ ያ ሳቅ ነው።

ክቡርነትዎ... ኧረ የምን ክቡርነት! ስማ፣ አንተ ስንጥቅ። ያ ጋቢ ከገበያ የተገዛ አይደለም። ፈትሉን የፈተሉት ባለቤታቸው ናቸው፤ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ጋሼ ከሣጥን የሚያወጡት ለዓመት በዓልና ለትልቅ ጉዳይ ብቻ ነው። ማታ ቤት ስንገባ አውልቀው በብርሃን አዩት፣ አጠፉት፣ «ይታጠባል» አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። እኅቴ ሦስት ጊዜ አጥባዋለች፤ መስመርህ አሁንም አለ። ቢሰድቡኝ፣ በከዘራው ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር!

ይቅርታ፤ ወደ ክቡርነትዎ ልመለስ። ብቻዎን እንዳላደጉ አውቃለሁ፤ አሳዳጊዎች ነበሩዎት። የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ ብሎኑን ያለ ጎማ ቀለበት እስከ መጨረሻው አጥብቄ ፕላስቲኩን መተንፈሻ አሳጣሁት። ሁለተኛው ፀሐይ ነው። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ከተማ ዓመቱን ሙሉ ከቤት ውጭ የሚያድር ጥቁር ፕላስቲክ ይነጣል፣ ይደርቃል፣ እንደ ቂጣ ይሰበራል። ሱፐር ግሉም ተሞክሯል። የተጣበቁት ጣቶቼ ናቸው።

ትልቁ ባለውለታዎ ግን የቅዳሜው ጠጋኝ ነው። በሽምግልናው ዋዜማ ከቢጫ ጀሪካን ላይ ቁራጭ ቆረጠ፣ ቢላዋ በከሰል አጋለ፣ ሁለቱን አቅልጦ አለሰለሰና «ከአዲሱ ይበልጣል» ብሎ 300 ብር ተቀበለኝ። ሰኞ ዕለት ስባሪውን ገልብጬ ሳየው ከውስጥ በኩል «ፒፒ» የሚል ጽሑፍ አለው፤ ፖሊፕሮፒሊን ማለት ነው። የጀሪካኑ ቂጥ ላይ ደግሞ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር አለ፤ እሱ ፖሊኤትሊን ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ቢቀልጡ ተደራርበው ይተኛሉ እንጂ አይዋሐዱም። እኔ ሁለት ቤተሰብ ላጋባ የሄድሁት እነዚህ ባልተጋቡበት ፓራፋንጎ ላይ ሽማግሌ አስቀምጬ ነው። ጫፍዎ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የበሳ ሰው ቢኖር እንኳ እዚያው በቆሙ ነበር፤ ስንጥቅን ወደ ፊት የሚገፋው የጫፉ ሹልነት ነውና። ይህን ለማድረግ የጋለ ምስማር ይበቃ ነበር።

አዲስ እገዛለሁ ብዬ ዕቃ መሸጫ ብሄድ ለብቻው አይሸጥም፤ ከነጎን ሽፋኑ፣ ከነመብራቱ ነው። የታርጋውን ነገር አላነሣም፤ የፖሊስ ማስረጃ ለማውጣት የተሰለፈ ያውቀዋል። በቤንዚን ሰልፍ ላይ ሞተር በገፋሁ ቁጥር ሲንጫጩብኝ የከረሙትንም ይቅር ብዬዎታለሁ።

አሁን ግን ሕክምና ላይ ነዎት። ከተሰበረ የመኪና ፓራውልት ላይ ይኸው «ፒፒ» ያለበት ቁራጭ አግኝቼ በቀጭኑ ሰነጠቅሁት፤ ራዲዮ ጠጋኞች በሚበይዱበት ብረትም ከፊትና ከኋላ ሞላሁዎት። ጫፍዎ ተበስቷል፤ ሁለቱ ከንፈሮችዎ በመዳብ ሽቦ ተሰፍተዋል። ጎማ ቀለበትም ገብቶልዎታል።

የልጅቷ ቤተሰብ በአሥራ አምስት ቀን ቀጥረውናል። ጋሼም እሄዳለሁ ብለዋል፤ በሚኒባስ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቢጫው ጀሪካን
ለሚኒባሱ ረዳት (ከይቅርታ ጋር)
ለጋሼ (እንዳይደርሳቸው)