ማስተካከያ፦ 126 የምርመራ ቁጥር እንጂ የየዕለቱ ልክ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ስለ ስኳር በሽታ ስጽፍ፣ ቤት ውስጥ በጣት ደም ስለሚለካው የደም ስኳር (ቁጥሮቹ ሁሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው) «ከ126 በላይ ካያችሁ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። 126 በባዶ ሆድ ተለክቶ በሽታው መኖሩ የሚታወቅበት ቁጥር ነው። ዓይነት ሁለት ስኳር እንዳለበት ለተነገረው ሰው ግቡ ሌላ ነው። ለአብዛኛው አዋቂ በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130፣ መብላት ከጀመረ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው። ሐኪሙ እንደ ዕድሜና እንደ ጤና ሊለውጠው ይችላል።

ከምሳ በኋላ 165 አይታችሁ የደነገጣችሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ደውለው «ታዲያ ኪኒኑን ልተወው ልጄ?» ሲሉኝ ክው አልኩ። እባካችሁ፣ ሐኪም ሳታማክሩ እንዳታቆሙ።

ጠዋት ምንም ሳይበሉ ከፍ ማለቱም ያለ ነገር ነው። ሊነጋጋ ሲል ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል።

አንድ ነገርም ዘልዬ ነበር። ማንጎ ልጣችሁ ሳትታጠቡ ጣታችሁን ብትወጉ፣ መሣሪያው ጣት ላይ የቀረውን ስኳር አብሮ ያነባል። በሳሙና ታጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ድገሙት። የመለኪያውን ስትሪፕ (ደሙ የሚነካበትን ቀጭን ቁራጭ) በድሬ ፀሐይ ባጃጅ ውስጥ አትተዉት፤ ሙቀት ያበላሸዋል። ቁጥሩ ከ300 በታች አልወርድ ካለ፣ ወይም ማስታወክ ከተጨመረበት ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።