እምቦጭን እምቦጭ ያለው ማን ነው?

ዛሬስ አልችልም፣ እናገራለሁ። የገዛ ቋንቋዬ ጆሮዬን እያታለለው ነው።

ባለፈው የእህቴን ልጅ ትኩሳት ይዟት ባሕር ዳር ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ተራ ስንጠብቅ ዘበኛው «ጸጥታ!» ብሎ ሲጮህ በእናቱ እቅፍ የተኛ ሕፃን በርግጎ ማልቀስ ጀመረ። አልፈረድኩበትም። ቃሉን ጮክ ብላችሁ በሉትማ፤ ጸ ይፈነዳል፣ ጥ ይከተላል። ሰው ዝም ለማሰኘት ሁለት ርችት ምን ይሠራል? ም ላይ ሲደርስ ከንፈር የሚያዘጋ «ዝምታ» እያለልን!

ቀጥሎ የደም ምርመራው ውጤት መጣ። «ወባ ነው» አለችን ነርሷ። ወባ! ጥርስ ያላበቀለ ልጅ በከንፈሩ ብቻ የሚለው ቃል። ጎልማሳውን ሦስት ብርድ ልብስ አስደርቦ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ስም ሳይሆን እሹሩሩ ይመስላል። ፍቅር ደግሞ እንደ ቆሮሶ ዓሣ አጥንት ቅ ብሎ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል።

ከሁሉም የሚያበግነኝ ግን እምቦጭ ነው። ልጅቱ ከዳነች በኋላ ፎገራ ዘመድ ጥየቃ ሄደን ጣና ሐይቅ ላይ በጀልባ ወጣን። ሐምራዊውን አበባ አይታ «አጎቴ፣ ይቺ ማን ትባላለች?» አለችኝ። «እምቦጭ» ስላት ጉንጯን የቆነጠጥኳት ያህል ሳቀች። ከእምቡጥና ከእምቦሳ ጎን የተቀመጠ ስም ነውና ምን ታድርግ? ጀልባ ነጂው ግን አልሳቀም። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ደረቱን ጀልባው ጠርዝ ላይ አስደግፎ፣ የተጠመጠመውን ጥቁር ሥር በጣቱ እየበጠሰ ይጥል ነበር። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ጣና ላይ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 የታወቀ፣ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ የሚሆን አረም በእንዲህ ያለ የቁልምጫ ስም ይጠራል?

የቋንቋ ጥናት የሚማረው ጎረቤቴ «የቋንቋ ሊቁ ፈርዲናንድ ደ ሶሱር እንዳለው በድምፅና በትርጉም መካከል የተፈጥሮ ዝምድና የለም፤ ስምምነት ነው» አለኝ። መቼ ተስማማን? እኔ አልተጠራሁም። ደግሞስ ዝምድና ከሌለ ነጎድጓድ እንዴት ነጎድጓድ ሆነ? ሹክሹክታስ? ስም አውጪዎቹ ሲፈልጉ ይችሉበታል ማለት ነው!

ልጅቱ ይባስ ብላ ለድመቷ ግልገል እምቦጭ የሚል ስም አውጥታለች። ማታ ማታ «እምቦጭዬ፣ ነይ ወደ ቤት!» እያለች ስትጣራ፣ ዓሣ አጥማጁ ጎረቤታችን በሩን ከፍቶ ብቅ ይልና እኔን ያየኛል።