ኤች-ኢንዴክስህ እንዴት አደረ?

ድሮ ሐኪም የሚመረጠው በሰፈር ወሬ ነበር። «እጁ ፈዋሽ ነው» ይባላል፤ አለቀ። በምን ቀመር ተሰላ፣ የትኛው ጆርናል ላይ ወጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እናቴም ለጉልበቷ ሐኪም የመረጠችው እንዲሁ በጭፍን ነው፤ ጎረቤቷ በሰው ተደግፋ ገብታ በራሷ እግር ስለወጣች ብቻ። አቤት ኋላ ቀርነት!

ዕድሜ ለቁጥር፣ አሁን ነቅተናል።

ባለፈው ሳምንት ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ካለች ካፌ በረንዳ ላይ ከአንድ ሐኪም ወዳጄ ጋር ተቀምጬ ነበር። ያስተምራል፣ ይመራመራል፣ ያክማልም። ዶክ ነው የምለው። ማኪያቶው መጣለት፤ አልነካውም። ስልኩን አወጣ፣ ጉግል ስኮላርን፣ የማን ጽሑፍ ስንት ጊዜ በሌላ ጽሑፍ እንደተጠቀሰ (ሳይቴሽን ይሉታል) የሚቆጥረውን ገጽ፣ ከፈተ፣ ገጹን በጣቱ ወደ ታች ሳብ አድርጎ ለቀቀ። ያቺ ትንሽዬ ክብ ዞረች። ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። 14። ደግሞ ሳበ። አሁንም 14። ልጄን ትኩሳት ይዟት ባደረበት ሌሊት እንኳ እኔ ቴርሞሜትሩን እንደዚያ አላፈጠጥኩበትም።

«አንዷ ፔፐር አንድ ሳይቴሽን ጎደላት እንጂ 15 ገብቼ ነበር» አለኝ። ሐዘኑ ከልብ ነበር። አይዞህ አልኩት።

ለማታውቁት ላስረዳ። ያ ቁጥር ኤች-ኢንዴክስ፣ ባጭሩ ኤች፣ ይባላል። ይህን ልኬት እ.ኤ.አ. በ2005 ያመጣው ሆርጌ ሂርሽ የሚባል ካሊፎርኒያ የሚያስተምር የፊዚክስ ሊቅ ነው። ኤችህ 14 ነው ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 14 ጊዜ የተጠቀሱ 14 ጽሑፎች አሉህ ማለት ነው። አንድ ጽሑፍ ብቻ ጽፈህ ሺህ ጊዜ ቢጠቀስልህስ? ኤችህ 1 ነው። አርፈህ ተቀመጥ። ደግሞ ውበቱ! ደም ግፊት ይወጣል ይወርዳል። ብራችን መውረድ እንጂ መውጣት አያውቅም። ኤች ግን መውጣት እንጂ መውረድ አያውቅም፤ ባለቤቱ ከተቀበረ በኋላ እንኳ ሊያድግ ይችላል። ሂርሽ ራሱ በ2020 ልኬቱ ያልታሰበ መዘዝ ሊያመጣ እንደሚችል ጽፏል። እኛ ምን ገዶን? ከአባትየው ይልቅ ልጁን ነው የወደድነው።

አያዳላም ደግሞ። ስድብም ምስጋናም እኩል ይቆጥራል። አንድሪው ዌክፊልድ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት የሚባል የሕክምና ጆርናል ላይ፣ 12 ሕፃናትን ይዞ፣ ኩፍኝን ጨምሮ ሦስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት ከኦቲዝም ጋር ያገናኘ ጽሑፍ አወጣ። ላንሴት በ2010 ሰረዘው። ጽሑፉ ግን ከተሰረዘም በኋላ መጠቀሱን አላቆመም። «ውሸት ነው» ብሎ የጠቀሰው አንድ ነው፣ «እውነት ነው» ያለውም አንድ ነው። ቆጣሪ እንዲህ ሲሆን ነው እንጂ!

ቁጥሩ አልገፋ ላለው ሰው ባህላችን መላ አላጣም። ዕቁብ አለን። አስር ሆነን እንገባለን። እኔ አንተን እጠቅሳለሁ፣ አንተ እሷን፣ እሷ እኔን። ዋስ የለ፣ ዳኛ የለ። ዕጣ ወጥቶለት የሚጠፋም የለም፤ ለሁሉም በየወሩ ይደርሰዋል።

ከዕቁቡ ቀጥሎ ደቦው ነው። በወጉ ትብብር ይባላል። የዓለም አቀፍ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ ስሙ በደራሲነት የሚገባ ሰው አራት ነገር ያሟላ ይላል፦ በሐሳቡ ወይም በመረጃው ላይ ይሥራ፣ ይጻፍ ወይም ያርም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ያጽድቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ ይሁን። አራቱንም። እኛ አምስተኛ ጨመርንበት፦ አለቃ ይሁን። አምስተኛውን ያሟላ ከአራቱ ነፃ ነው።

ዶክ የትብብር ካርታውን፣ ከማን ጋር አብሮ እንደጻፈ የሚያሳየውን፣ አሳየኝ። ነጥብና መስመር ብቻ ነው፣ እሱ መሃል ላይ። አንዱ መስመር አውስትራሊያ ይደርሳል።

«ይሄን ሰውዬ ታውቀዋለህ?» አልኩት።

«ስሙን አውቀዋለሁ።»

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ድሩ አምሯል። አንበሶቹ ግን፣ ቲቢውም ወባውም፣ ገና ሲንጎራደዱ ነው የማያቸው።

ቅናት እንዳይመስላችሁ። (ትንሽ አለበት።) በ2024 ሁለት ተመራማሪዎች ላሪ የተባለ ድመት በጉግል ስኮላር አስመዝግበው ነበር። በስሙ 12 የውሸት ጽሑፍ ሰቀሉለት፤ 132 ሳይቴሽን አገኘ፤ ኤቹ 11 ገባ። ዶክ ድመቱን በ3 ይበልጠዋል። ለማበረታታት ብዬ ብነግረው ቅር አለው።

ይህን ስንጫወት አንዲት እናት ከአስፋልቱ ማዶ «ዶክተር!» ብለው ተጣሩ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ የኤክስሬይ ፌስታል በብብታቸው ይዘዋል። ተሻግረው መጥተው ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ተነሥቶ በሁለት እጁ ያዛቸው። ልጃቸውን አክሞላቸው ኖሯል። ልጁ አሁን ሥራ ገብቷል፣ ሚስትም ሊያገባ ነው። መረቁት። ለልጆቹ መረቁ፣ ለእጁ መረቁ፣ እኔንም አብረው መረቁኝ። ረጅም ምርቃት ነበር፤ አስተናጋጇ ትሪዋን እንደያዘች ቆማ አሜን ትላለች።

ሄዱ። ዶክ ተቀመጠ፣ ስልኩን ሳብ አድርጎ ለቀቀ።

14።

«አንተ ዓምድ ትጽፍ የለ?» አለኝ በመጨረሻ። «እስቲ ያቺን አንድ የጎደላትን ፔፐር ጥቀስልኝ።»

ጋዜጣ ላይ መጠቀስ እንደማይቆጠር እሱም ያውቃል። ግን ጓደኛ አይደለሁ? እስክሪብቶ አወጣሁ።

«ርዕሷ ምንድን ነው?»

ስልኩን አነሣ። ወደ ታች ሄደ። ወደ ላይ ተመለሰ። ደግሞ ወደ ታች። የማኪያቶው አረፋ ሟሽሾ አልቋል።

«ቆይ» አለኝ፣ «እዚህ ጋ ነበረች።»