ልጆቻችን ኮሌጅ ሲመርጡ የደረጃ ሰንጠረዥ ምን ያህል ይታመን?

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናትና አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፣ ዩኤስ ኒውስ የተባለው የዜና ድርጅት ከ1983 ጀምሮ በሚያወጣው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ላይ ያደረጉት የጽሑፍ ክርክር።

እናት፦
መምህር፣ ወላጆችን «ደረጃውን እርሱት» እያሉ ይመክራሉ። አባቱም አያቱም እዚህ አገር ኮሌጅ የገቡለት ልጅ ሊረሳው ይችላል፤ የሚጠይቀው ዘመድ አለው። እኛ ከሦስት ሺህ በላይ የሆኑትን ኮሌጆች በምን እንለያቸው? ማስታወቂያ እያዥጎደጎዱ የስደተኛውን ልጅ የሚያጠምዱ፣ ገንዘቡን በልተው የማይረባ ወረቀት የሚያስታቅፉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ደረጃው ቢያንስ ከገቡት ተማሪዎች ስንቱ እንደሚመረቅ ይነግረኛል።

መምህር፦
እህቴ፣ ስንቱ እንደሚመረቅማ «ኮሌጅ ስኮርካርድ» የተባለው የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ በነጻ ይነግርዎታል፤ ለዚያ ሰንጠረዥ አያስፈልግም። ከሰንጠረዡ ነጥብ 20 በመቶው የሚመጣው የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች ስለ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ከሚሰጡት ግምት ነው። አብዛኞቹን ረግጠዋቸው አያውቁም፤ የሚመዝኑት ዝናን ነው። የቀረው ቁጥር በብዛት ከራሳቸው ከትምህርት ቤቶቹ ይመጣል። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ 2ኛ ተብሎ ሳለ፣ በ2022 የራሱ የሂሳብ ፕሮፌሰር ማይክል ታዲየስ የቀረቡትን አኃዞች መርምሮ ብዙዎቹ ትክክል እንዳልሆኑ አሳየ። በዚያው ዓመት 18ኛ ሆነ። በጥቂት ወራት ውስጥ ትምህርቱ ተበላሸ?

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። በየዓመቱ በፋሲካ ሰሞን ተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤያቸውን ይዘውልኝ ይመጣሉ። አንዳንዱ ደብዳቤ «ድጋፍ» በሚል ርዕስ ሥር የማይመለሰውን ስጦታና የሚመለሰውን ብድር አንድ ላይ ደምሮ ያስቀምጠዋል። ወላጅ ድምሩን አይቶ «ተመስገን» ይላል። ዝቅ ብሎ «ፓሬንት ፕላስ» የሚል መስመር አለ፤ በወላጅ ስም የሚወሰድ ብድር ነው፤ ልጁ ተመረቀም አልተመረቀም ዕዳው የወላጅ ነው። ስሙ ለጎረቤት የሚነገር ኮሌጅ ለማግኘት ስንት ታክሲ ነጂ አባት እዚህ መስመር ላይ ፈርሟል!

እናት፦
ለጎረቤት ወሬ ብዬ አይደለም የምከራከረው። የኮሎምቢያም ስህተት የተገኘው ቁጥሩ አደባባይ ስለወጣ ነው። ዝነኛ ኮሌጅ ለውጥ አያመጣም የሚሉ ሁሉ ስቴሲ ዴልና አላን ክሩገር በ2002 ያሳተሙትን ጥናት ይጠቅሳሉ፦ ችሎታቸው ተቀራራቢ የሆኑ ተማሪዎች ወደ ዝነኛውም ሆነ ዝናው ዝቅ ወዳለው ኮሌጅ ቢሄዱ ገቢያቸው ብዙም አልተለያየም። ነገር ግን ሁለቱ አጥኚዎች በኋላ ባወጡት ጥናት ዝነኛው ኮሌጅ በእርግጥ የጠቀማቸውን ለይተው ጽፈዋል፦ ጥቁሮች፣ ሂስፓኒኮችና ወላጆቻቸው ብዙ ያልተማሩ ልጆች። ይህ የእኔ ልጅ ነው፤ የብዙዎቻችን ልጅ ነው።

ዋጋውንም እንይ። ሐርቫርድ ከ2025 ጀምሮ በዓመት ከ200 ሺህ ዶላር በታች ከሚያገኝ ቤተሰብ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ከ100 ሺህ በታች ከሆነ ደግሞ መኖሪያና ምግቡንም ይሸፍናል። ከላይ የተቀመጡት ትምህርት ቤቶች ሀብታሞች ናቸው፤ ለድሃ ልጅ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚረክሱበት ጊዜ አለ።

መምህር፦
ሐርቫርድ ከመቶ አመልካች አምስት እንኳ አይቀበልም። ተማሪዎቼ እንቅልፍ የሚያጡት በ60ኛውና በ110ኛው መካከል ነው፤ በዚያ ርቀት ደረጃው ምንም አይነግራቸውም። ነርስ መሆን የምትፈልግ ልጅ ከየትም ትመረቅ፣ የምትቀመጠው ለአንድ ዓይነት የፈቃድ ፈተና ነው። የሁለት ዓመት ትምህርት በሚሰጠው በሞንትጎመሪ ኮሌጅ ተምረው ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወሩ የእኛ ልጆች በርካታ ናቸው፤ ዲግሪያቸው ላይ የሚታተመው የሜሪላንድ ስም ነው። እንዲህ ያለ ኮሌጅ ግን በእርስዎ ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውም።

እናት፦
በ60ኛውና በ110ኛው መካከል ላለው እስማማለሁ፤ እዚያ ርካሹን ይምረጡ። ጎበዝ ልጅን ግን ገና ሳያመለክት «ሞንትጎመሪ ይበቃሃል» ማለትን አልቀበልም። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ የማመልከቻው ክፍያ ይነሳለታል፤ ይህን ለልጆቹ የመንገር ኃላፊነት የእርስዎና የባልደረቦችዎ ነው። መጀመሪያ ከላይ ጀምሮ ያመልክት። ደብዳቤዎቹ ሲመጡ ስጦታውን ከብድሩ ለይተን አብረን እንደምራለን፤ ያን ጊዜ ፓሬንት ፕላስ ያለበትን ወረቀት እኔው ራሴ እቀደዋለሁ።